ልጆችንና አያታቸውን ይዞ ለአንድ ቀን ወደ ሐይቅ ዳር መዝናኛ፤ ምክር እፈልጋለሁ

የቱሉ ዲምቱዋ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ነው። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ ትልቁ 10 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፣ መካከለኛዋ 7 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ደግሞ ገና 3 ዓመት አልሞላውም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ሲያልቅ ውኃ፣ አሸዋና የልጆች መጫወቻ ወዳለበት ቦታ እንወስዳችኋለን ብለን ቃል ገብተንላቸዋል። ቃሉን የሰጠው አባታቸው ነው፤ ቦታ የማፈላለጉ ሥራ ግን እንደ ወጉ ለእኔ ተርፏል።

ከዚህ ቀደም በከተማው ዙሪያ ወደሚገኝ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ወስደናቸው ነበር፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም። ማስታወቂያው ሁሉም ነገር በአንድ ትኬት እንደሚያልቅ ይናገር ነበር፤ በሩን ካለፍን በኋላ ግን ለጀልባው፣ ለትራምፖሊኑ፣ ለባቡሩ፣ ሌላው ቀርቶ ለፕላስቲክ ወንበሩ ሳይቀር ለየብቻ አስከፈሉን። ከቤት ይዘነው የሄድነው ድፎ ዳቦ በር ላይ ተይዞ ቀረ። የመዋኛ ገንዳው ውኃ ከመደፍረሱ የተነሣ የታችኛው ንጣፍ አይታይም ነበር፤ ስለዚህ ልጆቹን እግራቸውን እንኳ ሳላስነክር ይዣቸው ተመለስኩ፤ መንገዱን ሁሉ እያለቀሱ ነው ቤት የገቡት። በዚህኛው ጊዜ አስቀድሜ ጠይቄና አጣርቼ መወሰን እፈልጋለሁ።

እናቴም አብረውን ይሄዳሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ ደረጃ መውረድና መውጣት አይችሉም፤ ሆኖም የልጅ ልጆቼ ሲጫወቱ ካላየሁ ብለዋል። መኪናችን ቪትዝ ስለሆነች ስድስታችንን አትይዝም፤ ወይ በሚኒባስ መሄድ ወይ ኮንትራት መያዝ ይኖርብናል።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ውኃው ነው። ከልጆቹ አንዳቸውም ዋና አይችሉም፤ እኔም አልችልም፤ አባታቸው «እችላለሁ» ይላል፣ ሲዋኝ ግን አይቼው አላውቅም። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ቢሾፍቱ ሂዱ ይለኛል። ለመሆኑ ሐይቁ ልጆች የሚገቡበት ነው ወይስ ከዳር ሆኖ የሚታይ ብቻ? በስንት ሰዓት ቢደረስ ይሻላል? ቦታውን ሳላየው በስልክ ምን ምን ብጠይቅ እውነቱን ላውቅ እችላለሁ? ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


የሆራ ጎረቤት

እህቴ፣ የምኖረው ቢሾፍቱ ነው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ቤተሰቦችን ስለማይ ላነሣሻቸው ጥያቄዎች የምለው አላጣም።

ከሁሉ ቀላሉ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እናንተ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ስለሆናችሁ የከተማውን መጨናነቅ ከኋላችሁ ትታችሁ ነው የምትነሡት፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያም ደጃችሁ ላይ ነው። ኮንትራት የምትይዙ ከሆነ ሾፌሩ በፍጥነት መንገዱ እንዲሄድና የመንገዱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፤ አለበለዚያ በአሮጌው መንገድ፣ በዱከም በኩል፣ ከከባድ መኪኖች ኋላ ኋላ እየተሳበ ያደርሳችኋል። (ዱከም ላይ አባትየው ቁርጥ አምሮት «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ካስቆመ ደግሞ ሐይቁ ጋ የምትደርሱት ለምሳ መሆኑን ከወዲሁ እወቁት።) ከተማው ውስጥ ባጃጅ የትም ያደርሳችኋል።

ወደ ሐይቁ ልመለስ። እዚህ ያሉት ሐይቆች አንድ ዓይነት አይደሉም። ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና አረንጓዴ ሐይቅ እያልን የምንጠራቸው በየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ በመሆናቸው ዳራቸው እንደ ድስት ከንፈር ቁልቁል ይወርዳል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር፣ የባቦጋያ ደግሞ ከ60 ሜትር ይበልጣል፤ ኩሪፍቱ ግን ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ጥልቀቱ እጅግ ያነሰ ነው። ቁጥሩን የጠቀስኩት ለጂኦግራፊ ትምህርት ብዬ አይደለም። ዳር ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲሄድ ጠጠሩ ይጠፋና ውኃው ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ ረጅም ሰውም አይቆምበትም። ስለዚህ ዋና ለማይችሉ ልጆች የተፈጥሮው ሐይቅ ከዳር ሆነው የሚያዩት፣ ወፍ የሚመለከቱበት፣ ቢበዛ ላይፍ ጃኬት ለብሰው በጀልባ የሚዞሩበት ነው ብለሽ ያዢው።

ልጆችሽ የሚመኙት አሸዋና ጨዋታ የሚገኘው ከሐይቆቹ ዳር በተሠሩት መዝናኛዎች ግቢ ውስጥ ነው፤ ጥልቀት የሌለው የልጆች ገንዳ፣ በመኪና ተጭኖ የመጣ አሸዋ፣ ሸርተቴ፣ ጅዋጅዌ፣ በአየር የተነፋ መዝለያ፣ ፈረስ። ትልቁ ልጅሽ ከከፍታ ወደ ውኃ የሚያንደረድሩ ረጃጅም ሸርተቴዎችን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ የኩሪፍቱ የውኃ ፓርክ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የውኃ ፓርክ የትም ቢሆን ለትልልቅ ልጆች የሚያደላ በመሆኑ ትንሹ ልጅና አያቱ ቀኑን ሙሉ ሌሎችን ሲጠብቁ እንዳይውሉ አስቢበት። እንደ እኔ አስተያየት ለእናንተ ቤተሰብ የሚስማማው የቀን እንግዳ የሚቀበል፣ ዛፍ የበዛበት፣ የልጆች ገንዳው ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት የሆነ መካከለኛ ሪዞርት ነው።

የእናትሽን ጉልበት ማንሣትሽ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። በባቦጋያና በቢሾፍቱ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች የተሠሩት ከገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆነ ወደ ውኃው የሚወረደው በደረጃ ነው። ከፍ ብሎ በረንዳ፣ ከታች የልጆች መጫወቻ የሆነበት ግቢ ለእሳቸው አይሆንም። ስትደውዪ «ደረጃ አለው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ጥቂት ነው» ይሉሻል። «ከመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ እስከ ልጆቹ ገንዳ ድረስ አንድም ደረጃ ሳይረገጥ ይደረሳል ወይ?» በዪ።

ስለ ጊዜው፣ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የሚውለው በጥር መጨረሻ ገደማ ነው። ጥር ዝናብ የለበትም፤ ሌሊቱ ግን ብርድ በመሆኑ ያልሞቀ የገንዳ ውኃ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ልጅ የሚገባበት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሣል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ በደረቁ ጨዋታ ብትጀምሩ፣ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ ምሳ ውኃው ውስጥ ብትቆዩ፣ ከምሳ በኋላ ልጆቹን በጀልባ ወይም በፈረስ ብታዞሯቸው ቀኑ ራሱ ያግዛችኋል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የሚያቃጥል አይመስልም፤ ቢሾፍቱ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናትና የልጆቹ ትከሻና አፍንጫ ማታ ላይ እሳት ሆኖ ይነሣል፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ካናቴራ አልብሰሻቸው ይዋኙ።

ሌላው የሠርግ ነገር ነው። ከጥምቀት አንሥቶ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳሩ የሙሽሮችና የሚዜዎች ነው። አንዳንዱ ግቢ ለሠርግ ከተያዘ የቀን እንግዳ አይቀበልም፤ ቢቀበልም ልጆቹ «ቬሎው ላይ ውኃ እንዳትረጩ» ሲባሉ ይውላሉ። ትምህርት ቤቱ ዝግ እስከሆነ ድረስ በሥራ ቀን መምጣቱ ዋጋውም ሰውም ይቀንስላችኋል፤ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቢሆን ለምግቡም ያመቻል።


ጡረተኛ የዋና አሠልጣኝ

ልጄ፣ ከላይ የተሰጠሽ ምክር የሚያጠግብ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ውኃው ብቻ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ልጆችን ዋና በማስተማር ነው፤ ከጥልቁ ሐይቅ ይበልጥ የሚያስፈራኝ፣ አዋቂው ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ እያንዳንዱ «ሌላው እያየልኝ ነው» ብሎ የሚያምንበት ወገብ የማይደርስ ገንዳ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የትንሹ ልጅሽ ዕድሜ ማለት ነው። ሰው የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል፣ እጁን ያወዛውዛል ብሎ ይጠብቃል፤ በእውነቱ ግን ትንፋሽ ያጠረው ልጅ የሚጮኽበት አየር የለውም። አፉ ከውኃው ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ፣ ዓይኑ ፈዝዞ አንድ ቦታ ይቀራል። ከሩቅ ለሚያይ የሚጫወት ይመስላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል፤ አንድ የስልክ ጥሪ ለመመለስ ከሚወስደው ጊዜ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ልጆቹ ውኃ ውስጥ እስካሉ ድረስ ከእናንተ አንዱ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ አይኑረው። ስልክ የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ፎቶግራፍ ማንሣትም የለም። ሩብ ሰዓት እየጠበቃችሁ ተራ ተለዋወጡ፤ ስትለዋወጡም «አሁን አንተ ነህ» ተባባሉ፤ አደጋው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ጠባቂው ሳይነገር በተለወጠባት ቅጽበት ነው። ለትንሹ ልጅ ይህም አይበቃም፤ እጅሽን ስትዘረጊ በምትደርሺበት ርቀት ላይ፣ ውኃው ውስጥ አብሮት የሚሆን ሰው ያስፈልገዋል። እናትሽ ከወንበራቸው ሆነው ማየታቸው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዘለው መግባት የማይችሉ ሰው ጠባቂ ተብለው አይቆጠሩም። ባለቤትሽም ዋና መቻሉን ከመሄዳችሁ በፊት በአንድ ገንዳ ገብቶ ያሳይሽ፤ ይህን የምልሽ ለቀልድ አይደለም።

በስልክ «ነፍስ አድን ሠራተኛ አላችሁ?» ብትዪ ሁሉም «አለን» ይሉሻል። እኔ ባየሁባቸው ብዙ ቦታዎች ያ ሰው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፎጣ ያከፋፍላል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ወንበር ይሸከማል። ስለዚህ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ልጆቹን ከማስገባትሽ በፊት ጥቂት ቆመሽ ዓይኑን ተመልከቺ፤ ዓይኑ ገንዳው ላይ ካልዋለ የለም ብለሽ ቁጠሪው።

የገንዳውን ውኃ በተመለከተ ያደረግሽው ትክክል ነበር፤ የታችኛው ንጣፍና የማስወገጃው ክዳን ጥርት ብሎ ካልታየ ልጅ አይገባም። ውኃው ስለ ቆሸሸ ብቻ አይደለም፤ የሰጠመ ልጅ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ አይታይም። ሰዎች «ክሎሪኑ ይሸታል፣ ንጹሕ ነው» ሲሉም እሰማለሁ። ዓይን የሚያቃጥለው ያ ኃይለኛ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው፤ በደንብ የተያዘ ገንዳ ብዙም አይሸትም። ሆዱን ያመመው ልጅ ካለ ደግሞ የዚያን ቀን ከውኃው ይቅር፤ ለእሱም ለሌሎቹም ነው።

የመኪና ከመነዳሪና በክንድ የሚጠለቁ ፕላስቲኮች መጫወቻዎች እንጂ መከላከያ አይደሉም፤ ልጁ ከሾለከ ወይም ከተገለበጠ ራሱን የሚያቀናበት ጉልበት የለውም። ለጀልባው የሚሰጡሽን ላይፍ ጃኬት ካሰርሽለት በኋላ ሁለቱን ትከሻዎች ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል፣ የልጅ ልክ እንዲያመጡ ጠይቂ። ከሌላቸው ጀልባው ይቅር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከውኃ የወጣ ልጅ እግሩን ይዞ ቁልቁል ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን በአገራችን የተለመደ ነው። ይህ ጊዜ ያባክናል፤ ትውከትም ወደ ሳንባው ሊያስገባ ይችላል። መተንፈስ ያቆመ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያሻው አየር ነው፤ ጠንካራ ቦታ ላይ በጀርባው አጋድሞ፣ ራሱን በቀስታ ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ እስትንፋስ መስጠት፤ ምላሽ ከሌለው ደረቱን እየተጫኑ እስትንፋሱን ሳያቋርጡ መቀጠል፣ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። ይህ በጽሑፍ የሚለመድ አይደለም፤ የቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የወሰደ ሰው አንድ ከሰዓት ቢያሳያችሁ የበለጠ ይረዳችኋል።


ከፒያሳ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ የማልስማማበት ነገር አለ። ሐይቁ የማይገባበት ከሆነ፣ ገንዳው ይህን ያህል የሚያስፈራ ከሆነ፣ ስድስት ሰው በኮንትራት ጭኖ ያን ያህል መንገድ መሄድ ለምን አስፈለገ? ወዳጅነት ፓርክ ሰው ሠራሽ ሐይቅና ሰፊ ሣር አለው፤ አንድነት ፓርክ ልጆቹ አንበሳ ያያሉ፤ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ ፈረስም፣ መወጣጫም፣ ጫካም አለ። እናትዎም በጥላ ሥር ሊያርፉ ይችላሉ። ውኃውን ልጆቹ ዋና ሲማሩ ቢያደርሱት ይሻላል ባይ ነኝ።


የላንጋኖ ወዳጅ

እኔ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጥቂት ታግሣችሁ ራቅ ብላችሁ ብትሄዱ እላለሁ። ልጆቹ የሚፈልጉት አሸዋ ከሆነ፣ በመኪና ያልመጣ የተፈጥሮ አሸዋና ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳር ያለው ላንጋኖ ላይ ነው። የውኃው መልክ ቡናማ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያይ ሰው ይጠራጠራል፤ መልኩን የሰጠው በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። ከሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይልቅ ቤተሰብ የሚመርጠውም ከቢልሃርዝያ ነጻ በመሆኑ ይታወቃልና ነው፤ በዝዋይ ግን ቢልሃርዝያ ስላለ ልጆችን ዳሩ ላይ እግራቸውን አስነክሮ ማጫወት አይገባም።

እርግጥ ነው፣ ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ለሕፃን ቅጣት ነው። ሌሊቱን የምታድሩ ካልሆነ አልመክረውም። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ስለሚነሣም ልጆች ውኃ የሚነኩት ጠዋት ብቻ ነው። ሶደሬን የሚጠቅስላችሁ ሰው ካለ፣ ፍል ውኃው ለእናትዎ ጉልበት ያስደስታቸው ይሆናል፤ ጦጣዎቹ ግን ከልጅ እጅ ላይ ሙዝ መንጠቅ ይችሉበታል። ትልቁ ልጅ ይስቃል፤ ትንሹ ግን ያለቅሳል።


የቱሉ ዲምቱዋ እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለከፒያሳው ወንድሜ፦ ሐሳብዎ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ከቱሉ ዲምቱ እንጦጦ ለመድረስ ከተማውን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ አለብን፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢሾፍቱ ደርሰን ቁርስ እንበላለን። የከተማ ዳር ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። ላንጋኖንም ለሚቀጥለው ጊዜ ይዤዋለሁ።

በተመከርኩት መሠረት ስልክ መደወል ጀመርኩ። አንዱ ጋ የጠየቅኩትን ሁሉ ሳይሰማ «ሁሉም አለ፣ ብቻ ኑ» አለኝ፤ ተውኩት። ሌላው የመግቢያውን ዋጋ ነግሮኝ ምን ምን እንደሚያካትት ስጠይቀው «እዚህ ሲመጡ ይነገርዎታል» አለኝ፤ እሱንም ተውኩት። በመጨረሻ የደወልኩላት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ግን «ይህን እኔ አላውቀውም» ብላ ስልኩን ገንዳው ጋ ላለው ሰው ሰጠችው። እሱም የልጆቹ ገንዳ ከ40 ሳንቲ ሜትር ተነሥቶ 90 ላይ እንደሚያልቅ፣ ከትልቁ ገንዳ በአጥር እንደተለየ፣ ውኃውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት እንደሚያጣራና ሰኞ ለጽዳት እንደሚዘጋ ተረጋግቶ ነገረኝ። ስለ ደረጃው ስጠይቀው «ለእናቶች በጓሮ በኩል የመኪና መግቢያውን እንከፍታለን» አለኝ። ማክሰኞ ልንሄድ ወስነናል።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብለውኛል፤ ትንሹ ግን የሆቴል ምግብ ብዙም አይበላም። ትልቁ ደግሞ ከፍ ያለውን ሸርተቴ ካልወጣሁ እያለ ነው፤ ታናሽ እህቱም ተከትላዋለች። አባታቸው «ጭኔ ላይ አስቀምጬ አብሬያት እወርዳለሁ» ብሏታል። ይህስ እንዴት ነው?


የሆራ ጎረቤት

የደወልሽለትን ቦታ ስሙን ሳትጠሪው ያወቅኩት መሰለኝ፤ ገንዳውን የሚጠብቀው ሰው እንደተናገረው ከሆነ ደህና መርጠሻል።

ምግብን በተመለከተ፣ ክልከላው በአብዛኛው ለአዋቂዎች ምግብና ለመጠጥ ነው፤ ለሕፃን የተዘጋጀን ምግብ አስቀድሞ በስልክ ከተነገራቸው ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ነገ መልሰሽ ደውዪና «የ2 ዓመት ተኩል ልጅ ምግብ በትንሽ ዕቃ እይዛለሁ» በያቸው፤ የተናገረችሽንም ሠራተኛ ስም ያዢ፤ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ስልክ ያነሣችው ሰው አይደለምና። ለሌሎቻችሁ ጠዋት ከቤት በደንብ በልታችሁ ውጡ፤ ከውኃ የወጣ ልጅ የሚርበው ከምሳ ሰዓት በፊት ስለሆነም ምሳውን 5 ሰዓት ላይ አስቀድማችሁ እዘዙ። እዚህ አገር ምሳ ከታዘዘበት ሰዓት እስከሚቀርብበት ያለውን ጊዜ አንቺም ታውቂዋለሽ። ለልጆቹ ሙሉው የአሳ ጥብስ ቀርቶ አጥንቱ የወጣለት የአሳ ጉላሽ ወይም ኮተሌት ይሻላቸዋል፤ ምላሳቸው እሾህ ገና አይለይም።

መመለሻችሁን 10 ሰዓት ላይ አድርጉት። ኮንትራት የያዛችሁት ሾፌር ቀኑን ሙሉ የሚጠብቅ ከሆነ የምሳውን ነገር ቀድማችሁ ንገሩት፤ በሚኒባስ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ እስኪመሽ አትቆዩ፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ከበዛ ስድስት ሰው አንድ ላይ የሚቀመጥበት ወንበር አይገኝም።


ጡረተኛ የዋና አሠልጣኝ

ስለ ሸርተቴው ልመልስ። ጭን ላይ አስቀምጦ አብሮ መውረድ የሚመስለውን ያህል የዋህ ነገር አይደለም። ልጅቷ ብቻዋን ስትወርድ እግሯ ጠርዙን ቢነካ ክብደቷ ቀላል ስለሆነ ትቆማለች፤ ከአባቷ ጋር ስትወርድ ግን የእሱ ክብደት እየገፋት እግሯ ተጠልፎ ይቀራል፤ ቅልጥም የሚሰበረውም እንዲህ ነው። አብሮ የሚወርድ ሰው ከሌለ የማይወረድበት ሸርተቴ ከሆነ ለዕድሜዋ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ለትልቁ ልጅ ከመሰላሉ ሥር የቁመት መለኪያ መኖሩን እዩ፤ ካልደረሰ አልደረሰም፤ ጥበቃውን መለማመጥ አያስፈልግም። ከደረሰ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ የፊተኛው ልጅ ከታች ያለውን ገንዳ ለቆ እስኪወጣ ጠብቆ ይውረድ፤ ዋና ስለማይችል ደግሞ ሸርተቴው የሚያርፍበት ውኃ ቆሞ ከደረቱ በታች መሆን አለበት። አባቱ እዚያ ታች፣ ውኃው ውስጥ ቆሞ ይቀበለው፤ የ7 ዓመቷን ልጅ በትንሹ ሸርተቴ ላይ አንቺ ተቀበያት። እሷ ስትወርድ ትንሹ ልጅ ከውኃው ወጥቶ በፎጣ ተጠቅልሎ አያቱ ጭን ላይ ይሁን፤ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያይ ሰው የላችሁም።